ቁጥር እንዳይጨምርላት

ታላቂቱ የእህቷን ገጽ የምታየው ምሳ ሰዓት ላይ ነው፤ ስልኳን ጉልበቷ ላይ አስተኝታ፣ በአውራ ጣቷ ጫፍ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ እየገፋች። መሃሉን አትነካም። ያ ድረ ገጽ ባለሙያዎች ፎቷቸውንና ሥራቸውን እየለጠፉ እርስ በርስ የሚሞጋገሱበት ነው፤ በእሷ እምነት ደግሞ እዚያ ጣት ያረፈበት ነገር ሁሉ ይቆጠራል። ፎቶውን የነካ አንድ፣ ጽሑፉን የነካ ሌላ አንድ። ዓለሙ ሁሉ ለታናሺቱ ቢያጨበጭብላት የራሱ ጉዳይ ነው፤ ከታላቂቱ ጣት ግን አንዲት ቁጥር አታገኝም።

በዚህ የተነሳ ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር የሚታዩትን ሁለት ሦስት መስመሮች ብቻ ነው የምታነበው። ከመስመሮቹ መጨረሻ «ተጨማሪ» የምትል ትንሽ ቃል አለች፤ እሷን ለነካ ቀሪው ጽሑፍ ይከፈትለታል። ታላቂቱ በዓመት ተመንፈቅ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አልነካቻትም። «ለጉራ ሁለት መስመር ይበቃል፤ ቀሪውን እኔው አውቀዋለሁ» ትላለች ለራሷ። እውነቷን ነው፤ ቀሪውን ሁሉ በሆዷ ጽፋ ጨርሳዋለች፤ ከጻፈችው ውስጥ አንድም ደግ ቃል አልነበረም።

ወደዚህ ገጽ መግቢያውን ያበጀላት አለስላሹ ነው። ሁለቱ እህትማማቾች የሚሠሩት ሰው ሠራሽ ጥርስ በሚሠራበት ቤት ነው፤ ሐኪሞች የበሽተኞቻቸውን የአፍ ልክ ይልካሉ፣ እዚህ በጄሶ ይቀዳል፣ ድዱ በሰም ይቀረጻል፣ ጥርሱ አንድ በአንድ ይደረደራል፤ በመጨረሻ አለስላሹ በማሽኑ አለስልሶ ይሸኘዋል። ማሽኑ እንደዚያ እያጓራ እንኳ የሰው ሹክሹክታ አያመልጠውም፤ ስለዚህ «ሬዲዮ» ይሉታል። ታላቂቱ «ለማየት ብቻ፣ እንዳልታወቅ አድርገህ» ስትለው ስም ሳይጽፍ፣ ፎቶ ሳይለጥፍ፣ «የጥርስ ባለሙያ» ብሎ ብቻ ከፈተላት። ፎቶ በሚገባበት ቦታ ዓይንም አፍም የሌለው ግራጫ ራስ ተቀመጠ።

ክፍሉ ረጅምና ጠባብ ነው፤ አምስት ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት። መስኮቱ ሥር ታናሺቱ ትቀመጣለች። ታላቂቱ መጨረሻው ጥግ ላይ፣ ጄሶ ከሚታጠብበት ገንዳ አጠገብ፣ ቀኑን ሙሉ አምፖል አብርታ ትሠራለች። ሃያ ሦስት ዓመት በዚያ አምፖል ሥር የጥርስ ቀለም ስትለይ ኖራ አሁን ዓይኗ ደክሟል። የዓይን ሐኪሙ «በቀን ብርሃን ሥሪ፤ አለዚያ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ነጩና ቢጫው አይለይልሽም» ብሏታል። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ቀለም የማይለይ ጥርስ ሠሪ ቤቱ ይቀመጣል እንጂ ሌላ ምን ይሠራል?

ከሁለት ዓመት በፊት መስኮቱ ሥር የነበሩት ሽማግሌ ጡረታ ሲወጡ ቦታው ለእሷ ሊሆን ነበር። ታናሺቱ ለአለቃ ነግራ፣ አለቃውም መጥቶ «እህትሽ ስለለመነችኝ ነው፤ ተነሺና መስኮቱ ጋ ሂጂ» አላት። በዚህ ቃል ደሟ ፈላ። ሰም አያያዝ ያስተማረቻትን፣ እናታቸው ካረፈች ወዲህ እንደ ልጅ ያሳደገቻትን ልጅ አማላጅ አድርጋ ብርሃን ልትሞቅ ነው? «እዚሁ ይመቸኛል» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አለቃው ቦታውን ለታናሺቱ ሰጠ። አሻፈረኝ ያለችው ራሷ፣ የተቀየመችውም ራሷ፤ እህቷንም ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥርሷ ውስጥ አስገባቻት።

ከዚያ ይህ ፕሮፋይል የሚሉት መጣ። ታናሺቱ ከመስኮቱ በሚገባው ብርሃን የምትሠራቸውን ጥርሶች ፎቶ እያነሳች መለጠፍ ጀመረች፤ ስድስት ወር ሳይሞላ ሐኪሞች በአካል እየመጡ ይጠይቋት ጀመር። በር ላይ ሲገቡ ለታላቂቱ «እንደምን ዋሉ» ይላሉ፣ አልፈዋት ይሄዳሉ፣ መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ይቆማሉ። «እጅሽ ይባረክ!» ሲሉ ጥጉ ድረስ ይሰማል። ታላቂቱ ፈገግ ትላለች፤ ጥርስ ባዳ ነው። በሆዷ ግን «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» ትላለች፤ ሰሙ በእጇ ላይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ እህቷ ምን ስትል ምን እንደሚስቁ ታዳምጣለች።

ሬዲዮ አንድ ጊዜ ክፍሉን ሁሉ «ይሄ ፕሮፋይል ሰው ሥራ ያገኝበታል ወይስ ጊዜ ማጥፊያ ነው?» ብሎ ሲያከራክር ታላቂቱ ቀና ሳትል «ጥርስ በፎቶ አይነክስም» አለች። ሁሉም ሳቁ። ታናሺቱም ከመስኮቱ ሥር ስቃ «ተናገረች እትዬ! ምቀኛ አታሳጣኝ!» አለች። ቀልዷን ነበር። ታላቂቱ ግን ያቺን ቃል አንጀቷ ውስጥ አስቀመጠቻት።

በዚህ መሃል ከትልቁ መንገድ ማዶ አዲስ የጥርስ ሆስፒታል ሊከፈት መሆኑ ተሰማ። የጥርስ መሥሪያው ክፍል ከላይኛው ፎቅ ላይ፣ በሦስት ወገን መስኮት እንዳለው አናጺዎቹ አወሩ፤ ክፍሉን የሚመራ ሰውም ይፈለጋል። ታላቂቱ ማመልከቻዋን በእጇ ጻፈች፣ ጠርዙ የተበላ የምስክር ወረቀቷን አያያዘች፣ በፖስታ አሽጋ ለሆስፒታሉ በር ዘበኛ ሰጠች። ከእንግዲህ ወዲህ ዓይኗን የሚያድንላት ይህ ክፍል ብቻ ነው። አምስት ሳምንት ሆነው፤ መልስ የለም።

ሰኞ ዕለት ምሳ ሰዓት ላይ ሬዲዮ ማሽኑን አጥፍቶ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ወደ ጥጉ መጣ።

«እትዬ፣ ሰምተዋል? የአዲሱ ሆስፒታል ኃላፊ የእህትዎን ፖስት አይታ ጻፈችላት አሉ። ረቡዕ ራሷ እዚህ ልትመጣ ነው!»

«ይቅናት» አለች ታላቂቱ።

ሬዲዮ ዞር ሲል ስልኳን አወጣች። የገጹ የመጀመሪያ ፎቶ ከነጭ ጨርቅ ላይ የተቀመጠ ሙሉ ጥርስ ነበር፤ የላዩም የታቹም። ገና ስታየው አወቀችው። እናት ልጇን ከመቶ ልጅ መሃል እንደምትለይ፣ እሷም ሥራዋን ትለያለች።

የታላቂቱ ሥራ ምልክት አለው። ሌሎቹ ጥርስን ቀጥ አድርገው ይደረድራሉ፤ እሷ «ይሄ አጥር ነው እንጂ ጥርስ አይደለም» ትላለች። በሽተኛው በጉብዝናው ዘመን የተነሳውን ፎቶ ታስመጣለች፣ ሲስቅ የተነሳውን፤ ከመሃለኞቹ ሁለት ጥርሶች ቀጥሎ ያለውን አንዱን ለአመል ያህል ዘንበል ታደርገዋለች፣ ልክ በፎቶው እንዳለው። ይህ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ጥርስ ነበር። የሠርጉን ፎቶ አምጥቶላት ሦስት ሳምንት ለፍታበታለች። ሰውየው ሲያደርገውና በመስታወት ሲያየው፣ «እኔ ነኝ እኮ!» ብሎ እጇን ስሟታል።

ከፎቶው ሥር ያሉትን መስመሮች አነበበች፦ «በዚህ ሙያ እስከ ዛሬ እንደዚህ ጥርስ ያኮራኝ ሥራ የለም። ሦስት ሳምንት ፈጅቷል። ባለቤቱ ሲስቅ ባየሁ ጊዜ እንባዬ መጣ። እንዲህ ያለ ሥራ የሚወጣው…» ከዚያ በኋላ «ተጨማሪ» ትላለች፣ ያቺ ትንሽ ቃል።

«ከእኔ እጅ ነው አትይም!» አለች ታላቂቱ፤ ድምፅ አውጥታ መናገሯን አላወቀችም። የማንን ሦስት ሳምንት ነው የምትኮራበት? የማንን ሹፌር? መስኮቱን ወሰደች፣ ሐኪሞቹን ወሰደች፣ አሁን ደግሞ እጄን ቆርጣ ልትወስድ ነው? ጣቷ «ተጨማሪ» ከምትለው ቃል በላይ አንዣበበ፤ አልነካትም። ቁጥር ይጨምርላታል!

ታናሺቱ በዚያው ቅጽበት ምሳ ዕቃዋን ይዛ ወደ ገንዳው መጣች፤ ታላቂቱ ስልኳን በሽርጧ ሸፈነች። ታናሺቱ ዕቃውን እያጠበች በጎን አየቻት። ፊቷ ላይ አንድ የተደበቀ ደስታ ነበር።

«እትዬ፣ ረቡዕ የትም አትሄጂም አይደል?»

«የት እሄዳለሁ? ጥጌ እዚሁ ነው።»

«ያንን ሰማያዊ ቀሚስሽን ልበሺ እንግዲህ። ያምርብሻል።»

«ለማን ብዬ?» አለች ታላቂቱ። «ለድግስሽ ልትቆልቢኝ ነው» አለች በሆዷ።

ታናሺቱ ሳቅ ብላ ሄደች። ታላቂቱ የሆስፒታሉን ገጽ ፈለገች፣ «መልእክት» የሚለውን አገኘች፤ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ በጣቷ ሙሉ ሥጋ መስታወቱን መሃሉን ነካች። በአንድ ጣት እየለቀመች አርባ ደቂቃ ፈጀባት። «ያን የጥርስ ፎቶ የለጠፈችው ሴት ሥራው የእሷ አይደለም። የሠራው ሌላ ሰው ነው። በሰው ድካም የምትኩራራ ስለሆነች ኃላፊነት ሊሰጣት አይገባም። እውነቱን የሚያውቅ።» ላከችው። የሚያሠቃይ ጥርስ የተነቀለላት ያህል ቅልል አላት። ማደንዘዣው እስኪለቅ ድረስ ማንም ደህና ነው።

ማክሰኞን ስትባንን ዋለች። አንዴ ደግ አደረግሁ ትላለች፣ አንዴ ምን ነካኝ ትላለች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ የጣት ወለምታማ ይብሱን ጽሑፍ ሆኖ ይቀመጣል። ረቡዕ ጠዋት ግን ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሳ መጣች። ለምን እንደለበሰችው እሷም አታውቅም።

የሆስፒታሉ ኃላፊ አራት ሰዓት ላይ ገባች። አጠር ያለች፣ ጠፍጣፋ ጫማ ያደረገች፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ያቀፈች ሴት ናት። ታናሺቱ ብድግ ብላ ተቀበለቻት፤ ሴትየዋ ጨበጠቻትና ወደ መስኮቱ መሄዷን ትታ ረጅሙን ክፍል አቋርጣ ጥጉ ድረስ መጣች።

«የሹፌሩን ጥርስ የሠሩት እርስዎ ነዎት?»

ታላቂቱ ቀና አለች። «እኔ ነኝ» አለች።

«ታናሽ እህትዎ የጻፉትን አንብቤ ነው የመጣሁት። በእውነቱ ማመልከቻ ልከው ከሆነም አላየሁትም፤ በወረቀት የመጣው ክምር ገና አልተከፈተም። እሳቸው ባይጽፉልዎት ኖሮ እዚህ ጥግ መኖርዎን ማን ይነግረኝ ነበር?» ሴትየዋ አምፖሉን ቀና ብላ አየችና ፈገግ አለች። «እኛ ጋ ይህ አያስፈልግዎትም። ሦስቱም ወገን መስኮት ነው። ከፈቀዱ ዛሬውኑ ወስጄ ላሳይዎት እፈልጋለሁ።»

ታላቂቱ ወደ እህቷ አየች። ታናሺቱ ሁለት እጇን አገጯ ሥር አድርጋ እንደ ሕፃን ታበራለች። ታላቂቱ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት፤ የሰም ቢላዋዋን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች።

«አንድ ነገር ብቻ አለ» አለች ኃላፊዋ ስልኳን እያወጣች። «እህትዎንም በምክትልነት ልወስዳቸው አስቤ ነበር፣ ሌሎችም ከዚህ ቤት ካሉ እንዲሁ። ግን ሰኞ ዕለት ይህ መጣልኝ።» ጮክ ብላ አነበበችው፣ እስከ «እውነቱን የሚያውቅ» ድረስ። «ሥራው የእሳቸው አለመሆኑን እሳቸው ራሳቸው ጽፈውታል። ይህ ሰው እንኳን እውነቱን ሊያውቅ ጽሑፉንም አላነበበም። ስሙን ደብቆ የባልደረባውን ስም የሚያጠፋ ሰው ደግሞ እኔ ክፍል ውስጥ አይገባም። ከዚህ ቤት ከሆነ ማን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

የሁሉም ዓይን ወደ ሬዲዮ ዞረ። በዚያ ቤት ወሬ ሲጠፋ እሱ ጋ ነው የሚፈለገው። ሬዲዮ ስልኩ ላይ ያለውን ግራጫ ራስ አየ፤ በገዛ እጁ የከፈተው እሱ ነውና የማን መሆኑን ያውቃል። መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ ወደ ማሽኑ ዞረ። እንደዚያ ቀን ዝም ብሎ አያውቅም።

ኃላፊዋ ስልኩን ለታናሺቱ አሳየቻት። «ያውቁታል?»

ታናሺቱ ግራጫውን ራስ አየች። ከዚያ ቀና ብላ ታላቋን አየቻት፣ በቀጥታ። ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን ቀስ እያለ ጠፋ።

«አላውቀውም» አለች።

ታላቂቱ መታወቋን በዚህ አወቀች። ዝም ብትል ሁሉ አለቀ፤ ሬዲዮ አይናገርም፣ እህቷ አትናገርም፣ ሦስቱ መስኮት የእሷ ነው። ቀጥሎ የሆነውን ከጨዋነት አትቁጠሩላት። ያን ጊዜ ሆዷ ውስጥ የተነሳው ጸጸት ሳይሆን ያው የድሮው እሳት ነበር፤ በሙያ በለጠችኝ፣ በስም በለጠችኝ፣ አሁን ደግሞ በደግነት ልትበልጠኝ ነው! ዕድሜ ልኬን ያቺ ልጅ ሸፍናኝ፣ እኔ በእሷ ምሕረት መስኮት ሥር ልቀመጥ? ይሄንንስ አልችልም።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች።

 ኃላፊዋ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ጥርሱ ግን ግሩም ነው» አለች፤ በርኅራኄ ነበር የተናገረችው፣ ይህ ደግሞ ባሰባት። በር ላይ ስትደርስ ወደ ታናሺቱ ዞራ፣ «ክፍሉ ኃላፊ ያስፈልገዋል። እስከ ዓርብ ያስቡበት» ብላ ወጣች።

ሌሎቹ ሥራ የያዙ መስለው አቀረቀሩ። ታናሺቱ ገንዳው ጋ መጥታ ጄሶ ያልነካውን እጇን መታጠብ ጀመረች።

«አንብበሽው አልነበረም?»

«አላነበብኩትም።»

«በየቀኑ ታዪው የለ እንዴ! ያ ፊት የሌለው ሰው አንቺ እንደሆንሽ ካወቅሁ ዓመት ሆኖኛል እኮ። ማን እንዳየኝ ስልኬ ይነግረኛል። ሁልጊዜ ምሳ ሰዓት። ሁለት መቶ ምናምን ጊዜ መጥተሻል፣ ሁሉንም ቆጥሮታል። እኔ ደግሞ ደስ ይለኝ ነበር። ኮርታብኝ ነው፣ መናገር አልሆንላት ብሎ ነው እል ነበር። ይሄንንም አንብበሽ ዝም ያልሽ መስሎኝ…» ውኃውን ዘጋችው። «ለምን አልነካሽውም?»



«ቁጥር እንዳይጨምርልሽ ብዬ» አለች ታላቂቱ።

ታናሺቱ ሳቀች። ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረና እንባ ሆነ፤ እጇ እርጥብ ስለነበረ በክርኗ ጠረገችው። ከዚያ የራሷን ስልክ ከፍታ፣ «ተጨማሪ» የምትለውን ነክታ ታላቋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችላትና ወደ መስኮቷ ተመለሰች። ታላቂቱ መብራቱን አቅርባ አነበበች።

«እንዲህ ያለ ሥራ የሚወጣው ከታላቅ እህቴ እጅ ብቻ ነው። እኔን ሰም መያዝ ያስተማረችኝ እሷ ናት። አንዱን ጥርስ ዘንበል አድርጋ የምታስቀምጠው ሰው ራሱን መልሶ እንዲያገኝ ነው፤ እኔ አሥር ዓመት ሞክሬ አልቻልኩበትም። እሷ በስሟ የሚታወቅ ገጽ የላትም፤ የምትሠራውም በጨለማ ጥግ ነው፣ ዓይኗም እየደከመ እንደሆነ አያለሁ። ጥርስ ሠሪ የምትፈልጉ ካላችሁ እኔን ትታችሁ እሷን ጠይቁ። እኔ ብለምንላት እምቢ ትላለች፤ እናንተው መጥታችሁ ለምኑልኝ።»

ታናሺቱ ዓርብ ዕለት እሺ አለች። ማንም አልወቀሳትም፤ ታላቂቱም አልወቀሰቻትም። ባዶ የሆነውን ጠረጴዛ ለማን ልስጥ ብሎ አለቃው ሲያማርጥ ታላቂቱ ራሷ ሄዳ «ለእኔ ይሁን» አለች። አማላጅ አልነበራትም። አሁን መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች፤ ነጩም ቢጫውም ደህና ይለይላታል።

እዚያ በተቀመጠች በአምስተኛው ሳምንት፣ ምሳ ሰዓት ላይ ስልኳን አወጣች። በግራጫው ራስ ፈንታ አሁን የራሷ ፎቶ አለ፤ ሬዲዮ ነው ያነሳት፣ አልሳቀችም። የታናሺቱ አዲስ ፖስት ከላይ ነበር። ሰፊ ክፍል፣ ሦስት ወገን መስኮት፣ ብርሃኑ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ። መሃል ላይ ታናሺቱ ነጭ ልብስ ለብሳ ቆማለች። ታላቂቱ አየችውና ያው የድሮው እሳት ተነሳባት። ይህ የእኔ ነበር አለች። ደግሞ አፈረች። ደግሞ ይህ የእኔ ነበር አለች።

ከዚያ በሙሉ ጣቷ ጽሑፉን ነካች። አንድም ቃል እንዳያመልጣት ስልኩን ወደ መስኮቱ አስጠጋች። ከፎቶው ሥር «አዲሱ የሥራ ቦታዬ። አመሰግናለሁ» ይላል። እንደገና ነካችው። ከዚያ በታች ሌላ ጽሑፍ አልነበረም።